የጋሽ ውዱ የእሑድ መልእክት

ጋሽ ውዱ የደወሉት ከሽንት ቤት ነበር። እንቁ ይህን ያወቀችው ድምፃቸው ቆርቆሮ ቆርቆሮ ስለሚልና ከውጭ ሚስታቸው «እዚያ ውስጥ ማንን ነው የምታናግረው?» ሲሉ ስለሰማች ነው። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ በዳንግላ ከተማ የሽምግልና ጉዳይ ያለ እሳቸው የማይቆም፣ ለሰላምታ እንኳ ጉሮሯቸውን ሦስት ጊዜ የሚጠርጉ ሰው አሁን እንደ ሌባ ያንሾካሹካሉ።

«እንቁ፣ የዛሬውን ድምፅ አጥፊልኝ።»

«የቱን ድምፅ ጋሼ?»

«የላክሁትን ነዋ። እኔ አጥፍቼው ነበር፣ ከእኔ ስልክ ላይ ጠፋ። የደርበው ልጅ ግን እኔ ጋ አለ ይላል። እንዴት ነው አንድ ነገር ከአንዱ ጠፍቶ ሌላው ጋ የሚቀረው? በይ አጥፊው። ደግሞ ሳትሰሚው።»

ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ብትደውል አላነሱም።

ነገሩ ከሞላ ጎደል የእንቁ ጥፋት ነው። «የሽባባው ልጆችና የልጅ ልጆች» የሚባለውን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈተችው እሷ ናት፤ አርባ ሦስት አባላት አሉት፤ ከአዘና እስከ አዲስ አበባ። ጋሽ ውዱ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ለዘመድ አዝማዱ ምርቃት በድምፅ ይልካሉ። ባለፈው ፋሲካ ማይክሮፎኗን ተጭነው መያዙ አውራ ጣታቸውን እንደሚያደነዝዛቸው ሲያማርሩ፣ «ጋሼ፣ ወደ ላይ ገፋ ያድርጓት፤ ራሷ ትቆልፋለች፣ ከዚያ ስልኩን አስቀምጠው ማውራት ነው» ብላ ያሳየቻቸውም እሷው ናት። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ውዱ እንደተማሩት ገፋ አድርገው፣ መርቀው፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ዘመድም ወዳጅም ከሆኑት ከደርበው ጋር ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ኋላ ስልኩን ሲያነሱ ቀስቷን አይተው «አሃ፣ አልላክሁትም ለካ» ብለው ላኳት። አሥራ አራት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ።

እንቁ ኮድ ጸሐፊ ናት። እንጅባራ ውስጥ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ባለች ሁለት ወንበር በምትይዝ ክፍል ውስጥ ለክሊኒክ የካርድ መዝገብ፣ ለግል ትምህርት ቤት የውጤት ማጠናቀሪያ ትሠራለች። ማታ ማታና እሑድ እሑድ ደግሞ ቤቷ ሆና በቴሌግራም ቻናሏ ላይ ለጀማሪዎች በአማርኛ ምክር ትጽፋለች። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ተከታይ አላት፤ ከእነዚህ ግማሾቹ ኮድ ሳይሆን ባል እንዳላት የሚጠይቋት ናቸው። ጋሽ ውዱ ሲደውሉ የጀመረችው ምክር «የስሕተት መልእክት ሲመጣ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ፤ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን መስመር አይቶ ይደነግጥና ይተወዋል፣ ዋናው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከታች ነው» የሚል ነበር።

ግሩፑን ከፈተችው። ከጋሽ ውዱ ድምፅ በታች አሥራ ሰባት ሰው «አሜን» ብሏል። የአዲስ አበባው ዘመድ ሦስት የተጣበቁ እጆች ልኳል። አንዷ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን ጋሼ» ብላለች፤ ይህን የላከችው ድምፁ ከተላከ ከአርባ ሴኮንድ በኋላ ነው። እንቁ ፈገግ አለች። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የጋሽ ውዱን ድምፅ ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚሰማ ሰው የለም። አንድ ሰው ብቻ አለ፤ የእንቁ እናት ይታይሽ። ይታይሽ በየእሑዱ አመሻሽ ላይ ነጠላዋን አጥፋ፣ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ፣ የወንድሟን ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትሰማለች። መጨረሻው ላይ ኮሽታና ሳል ብቻ ቢሆንም ትሰማዋለች። ጋሽ ውዱን ከሽንት ቤት ያስደወላቸው ያ ነው።

የይታይሽ ስልክ አሁን እዚያው የስፌት መኪናው ላይ ቻርጅ ተሰክቶ ተቀምጧል፤ ቤተ ክርስቲያን ስልክ ይዛ አትሄድም። ከቅዳሴ ወደ ሰንበቴ አልፋለች፣ ከስምንት ሰዓት በፊት አትመጣም። እናትና ልጅ የሚኖሩበት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ከወዲህ አልጋዎቹ፣ ከወዲያ ይታይሽ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበት መኪና፣ ግድግዳው ላይ ተደርድረው የተሰቀሉ ሰማያዊ ሹራቦችና ገና አንገት ያልወጣላቸው ሸሚዞች። ይታይሽ ለልክ የመጣ ልጅ ሁሉ ደብተሩን እንዲያሳያት ታደርጋለች፤ የተሳሳተ ድምር ካየች ክንዱን እየለካች ታርመዋለች። ወላጆች ይስቃሉ። «አስተማሪ መሆን ነበረባት» ይላሉ። የሚያውቋት ዘመዶች ደግሞ ቀስ ብለው «ፈተናውን ባትወድቅ» ይላሉ።

እንቁ ለራሷ ያለችው «ሳልሰማ አላጠፋም፤ ምን እንደማጠፋ ሳላውቅ እንዴት አጠፋለሁ» ነው። ይህ የሙያ ሕግ ነው። እውነቱ ግን የማወቅ ጉጉት ነው። በቅድሚያ ድምፁን ወደ ራሷ የግል ማስቀመጫ ላከችው፤ ከመሰረዝ በፊት ቅጂ መያዝ ልማዷ ነው። ከዚያ ሰማችው።

አንደኛው ደቂቃ ምርቃት ነው፤ ዝናቡ በጊዜው፣ ሆዱ በጥጋቡ። ከዚያ ደርበው «አለቀ?» አሉ፤ «አለቀ» አሉ ጋሽ ውዱ። ከዚያ የከሰል ዋጋ። ከዚያ የደርበው ጉልበት። ከዚያ አንድ ባጃጅ የጋሽ ውዱን አጥር እንዴት እንደገጨ በዝርዝር። እንቁ ሊሰለቻት ሲል፣ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ፣ ደርበው ስለ ልጅ ልጃቸው አነሡ። ልጅቱ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች፤ አባቷ እናቷን የሚረዳ የለም ብሎ ሊያስቀራት ነው፤ አንተስ ምን ትላለህ? ጋሽ ውዱ ወደ አካባቢው ቋንቋ፣ ወደ አዊኛ ቀየሩ፣ ስልኩ አዊኛ የማይሰማ ይመስል።

«አታስቀሯት። እኔ አንዷን አስቀርቻለሁ። ይታይሽን። ለአስተማሪነት ተመርጣ ደብዳቤዋ በእኔ ፖስታ ሳጥን መጣ። ከቤተሰቡ ሳጥን ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ኪሴ ውስጥ ጨመርኩት። እናታችን ተኝታለች፣ እኔ ሠርጌ ደርሷል። ወድቀሻል አልኳት። እስከ ዛሬ ወድቄያለሁ እንዳለች ነው።»

ብርጭቆ ሲቀመጥ ይሰማል።

እንቁ መልሳ ሰማችው። ከዚያ ማጥፊያውን ነካች፤ «ከሁሉም ላይ ሰርዝ» የምትለዋ ትንሽ ሳጥን ወጣች። ጣቷ እላዩ ላይ ቆየ። የግሩፑ ከፋች ናትና አንዴ ብትነካው ከአርባ ሦስት ስልክ ላይ ይጠፋል፤ ጋሽ ውዱ ይተርፋሉ፤ እናቷም ማታ ምርቃቷን ፈልጋ ስታጣ «ዛሬ አያ ውዱ ረሳኝ» ብላ ትተኛለች። ሠላሳ ሦስት ዓመት በኪስ የኖረ ነገር ተመልሶ ኪስ ይገባል። ይህን ጊዜ ኪሱ የእሷ ነው። «ተወው» የምትለውን ነካች። የእናቷን ስልክ ከቻርጁ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በሩን ቆለፈች። ስርቆት መሆኑን ታውቃለች።

ዳንግላ ለመድረስ ታሪፉ አሥራ ስምንት ብር ነው፤ የሚኒባሱ ረዳት ሃያ አምስት አለ፣ ምክንያቱ እሑድ ስለሆነ ነው። ባለፈው ሳምንት ምክንያቱ ቅዳሜ ስለሆነ ነበር። ጉሙ ገና አልተገለጠም፤ በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያዎች እንደ ተሳላሚ ተደርድረው ቆመዋል። እንቁ በመንገድ ላይ ምን እንደምትል ስታዘጋጅ ሄደች። ያዘጋጀችው ሁሉ ረጅምና ብስል ነበር፤ የጋሽ ውዱን ግቢ በር ስትገፋ አንዱም አእምሮዋ ውስጥ አልቀረም።

እሳቸው ግቢው ውስጥ ከቀርከሃ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሲያዩዋት ቆሙ።

«አጠፋሽው?»

«አላጠፋሁትም። ሰማሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሁለት ጊዜ።»

ተቀመጡ። ሚስታቸው ከውስጥ ወጥተው እንቁን አገላብጠው ሳሙ፤ ከስታለች አሉ፤ ቆሎ አቀረቡ፤ አንዴ ባላቸውን አንዴ እሷን አይተው «የታመመ አለ?» ብለው ጠየቁ። «የለም» ሲሏቸው ሳያምኑ ገቡ።

«እናትሽስ?» አሉ ጋሽ ውዱ።

«ስልኳ እዚህ ነው።» ቦርሳዋን መታ መታ አደረገች። እባብ ያለበት ይመስል ዐይናቸውን ከቦርሳው ላይ አልነቀሉም።

«ያን ጊዜ አንቺ አልነበርሽም» አሉ በመጨረሻ። «እናታችን ከወገቧ በታች በድን ነበረች። የሚያነሳት፣ የሚያገላብጣት፣ የሚያጥባት ይታይሽ ብቻ ናት። አንድ ዓመት ብቻ ብዬ ነው። በዓመቱ መልሳ ትፈተናለች ብዬ። ከዚያ እናታችን አራት ዓመት ቆየች። ከዚያ እሷ አገባች። ከዚያ... እንዴት ብዬ ላንሳው?»

«እና ይታይሽ ወደቀች እየተባለ ሲወራ ሠላሳ ሦስት ዓመት ዝም አሉ።»

«ዝም አላልኩም።»

«እውነትዎን ነው። እርስዎም አብረው ይሉ ነበር።»

ጋሽ ውዱ ከቆሎው አንድ ፍሬ አንሥተው ሳይበሉ መልሰው አስቀመጡ። ጎረቤት አንድ ሬዲዮ የእግር ኳስ ዜና ያወራል። እንቁ እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም፤ ቢሆንም ደስ ብሏታል፤ ደስ ማለቱ ራሱ አሳፍሯታል።

«አብረውኝ ይመጡና በአፍዎ ይነግሯታል» አለች። «ከነገሯት ድምፁን አጠፋዋለሁ፤ ሌላ ማንም አይሰማም። ካልመጡ ስልኳን እሰጣታለሁ።»

«እያስፈራራሽኝ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እናትሽ እንዲህ አልነበረችም» አሉ።

«እሱማ ለዚህ አበቃት።»

ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ለሚስታቸው የታመመ ልጠይቅ ነው አሏቸው፤ «አልነገርኳችሁም?» አሉ ሚስትየው።

ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በመካከላቸው የአንዲት ተሳፋሪ የድንች ጆንያ አለ። ግሩፑ ላይ «አሜን» መምጣቱን አላቆመም። ጋሽ ውዱ ስልካቸው በንዝረት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይደነግጣሉ፣ ያዩታል፣ ይተነፍሳሉ። ሃያ ስድስተኛው አሜን ላይ «ተመስገን፤ ምንም አልሰሙም» አሉ። ጥቂት ሄደው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«እንቁ።»

«አቤት።»

«እስከ ዛሬም አይሰሙኝም ነበር ማለት ነው? አራት ዓመት ሙሉ?»

«እማዬ ትሰማዎታለች።»

እስከ እንጅባራ ጆንያው በየኩርባው አንዴ ወደ እሳቸው አንዴ ወደ እሷ ይወድቃል፤ ሁለቱም በየተራ በዝምታ ያቃኑታል።

ይታይሽ ከሰንበቴ ተመልሳ ስልኳን አጥታ ቤቱን አገላብጣለች። እንቁን ስታይ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከኋላዋ ያሉትን ስታይ ግን ቁጣው ወደ ድንጋጤ፣ ድንጋጤው ወደ ደስታ ተለወጠ።

«አያ ውዱ! ምነው በደኅና?»

«በደኅና ነው። እንዲሁ ናፈቃችሁኝ።»

«እንዲሁ መጣህ?» አላመነችም፤ ግን አልጨቀጨቀችም። የተቆረጡ ጨርቆችን ከወንበሩ አንሥታ ወንድሟን አስቀመጠች፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሰካች፣ የሽሮውን ድስት ጣደች፣ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ስለ ዳንግላ ጠየቀቻቸው፤ ስለ ዳንግላ መለሱ። ስለ ዝናቡ ጠየቀቻቸው፤ ስለ ዝናቡ ከዳንግላው ይበልጥ ዘርዝረው መለሱ። ስለ ግድግዳው ሹራቦች ዋጋ ጠየቋት፤ ክሩ መወደዱን ነገረቻቸው። እንቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ጋሽ ውዱ ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሦስቱም ጊዜ ይታይሽ ውሃ አቀረበችላቸው። ሦስቱንም ብርጭቆ ጠጡት።

እንቁ ስልኩን ከቦርሳዋ አውጥታ ለእናቷ ዘረጋችላት። «እኔ ይዤው ወጥቼ ነው እማዬ።»

ይታይሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለች። «ምነው ሳትነግሪኝ። ውይ፣ የአያን ድምፅ እኮ ገና አልሰማሁትም። እንዲያውም ዛሬ ባለቤቱ ባለበት እንስማው» አለችና ነካችው።

የጋሽ ውዱ ምርቃት ቤቱን ሞላው። ጋሽ ውዱ ከምርቃቱ ፊት እንደ ተከሳሽ ተቀምጠዋል። ይታይሽ ሽንኩርቱን እየከተፈች በየመሀሉ «አሜን» ትላለች። ዝናቡ በጊዜው፣ አሜን። ሆዱ በጥጋቡ፣ አሜን። ከዚያ ደርበው «አለቀ?» አሉ።

ጋሽ ውዱ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን አቆሙት።

«እንዲቀጥል ብትተዪው ከዚሁ ውስጥ ትሰሚዋለሽ» አሉ በአዊኛ፤ ድምፃቸው የምርቃቱ ድምፅ አልነበረም። «እኔ ልንገርሽ። ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት አልወደቅሽም። ተመርጠሽ ነበር። ደብዳቤው ሳጥኔ ውስጥ መጣ፣ እኔ ደበቅሁት። ለእማ ብዬ ነው፣ ለራሴም ብዬ ነው።»

የይታይሽ ቢላዋ ቆመ። ከምድጃው ላይ ሽሮው ቷ ቷ ይላል። እንቁ እናቷ ታለቅሳለች ብላ ጠበቀች፤ ትጮኻለች ብላ ጠበቀች። ይታይሽ ግን ቢላዋውን አስቀምጣ፣ ለልክ እንደመጣ ልጅ ወንድሟን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው።

«የት ነበር የተመደብሁት?»

«ደብረ ማርቆስ፣ መምህራን ማሠልጠኛው። መስከረም አሥራ አምስት ሪፖርት አድርጊ ይላል።»

«ስንት ሰው ተመረጠ?»

«ከትምህርት ቤታችሁ አራት። ዝርዝሩ አብሮ ነበር፤ በውጤት ነው የተደረደረው።»

«ስንተኛ ነኝ?»

«ሁለተኛ።»

«አንደኛው ማነው?»

ጋሽ ውዱ ይህን አልጠበቁም። «ክንዴ» አሉ፤ «ክንዴ ደጉ።»

ጋሽ ውዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ውሃ ያቀረበ የለም። ይታይሽ እጇን ወደ ምድጃው ሰዳ ሶኬቱን ነቀለች።

«ሚኒባስ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የሚገኘው» አለች።

ሽሮው ገና አልበሰለም። ጋሽ ውዱ ድስቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ተነሡ። ከበሩ ላይ ዘወር ብለው «ይታይሽ» ሲሉ፣ «ዛሬ አይደለም አያ» አለቻቸው። ከዚያ ቤት ሳይበላ የወጣ ሰው እንቁ አይታ አታውቅም። የኪራይ ጭማሪ ሊናገሩ የመጡት አከራይ እንኳ በልተው ነው የወጡት። በበሩ ስንጥቅ አየቻቸው፤ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ፣ ባጃጅ ጠርተው ሳያስቆሙ፣ በእግራቸው ወደ መናኸሪያው ወረዱ። አሳዘኗት፤ ማዘኗ አናደዳት።

«ድምፁን አጠፋዋለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ» አለች ለእናቷ። «ከነገሩሽ ብዬ።»

«ከገባሽ አጥፊዋ።»

«እኔ ጋ ቅጂ አለኝ።»

«ለምን?»

«ልማድ ነው።»

«መጥፎ ልማድ አይደለም» አለች ይታይሽ።

እንቁ አጠፋችው። ግሩፑ ላይ ሠላሳ አንድ አሜን ቀረ፤ ከላዩ ምንም የለም። ቀጥሎ የአዘናው ዘመድ ገባና የሌሎቹን አይቶ «አሜን» አለ።

ይታይሽ ከስፌት መኪናው መሳቢያ የልክ መዝገቧን አወጣች፤ ጫፉ የተላላጠ፣ በየገጹ የትከሻና የወገብ ቁጥር የሞላበት። ጣቷን በምራቋ እያራሰች ገለጠች፣ አንድ ገጽ ላይ ቆመች።

«ይኼ ቁጥር ቴሌግራም አለው? ለሁለት የልጅ ልጆቹ ሹራብ አሠርቷል። የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነበር፣ አሁን ከጊዜው ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።»

እንቁ ቁጥሩን አስገባች። ከረቫት ያደረገ፣ ፀጉሩ የሸሸ ሰው ከአበባ ተክል ፊት ቆሞ ወጣ። ክንዴ ደጉ።

ይታይሽ ስልኩን ተቀብላ ማይክሮፎኗን ተጫነች። ለተማሪ ሁሉ የምትናገርበት ድምፅ ነበር፤ እንቁ ይህን ድምፅ ልጆች ክንዳቸውን ዘርግተው ሲቆሙ ሰምታዋለች፤ አሁን ግን ከፍ ያለ ነው።

«ክንዴ፣ እንደምን አለህ። ይታይሽ ነኝ፣ ልብስ ሰፊዋ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ከፊትህ እቀመጥ የነበርኩት። ሰባ ስምንት አንደኛ መውጣትህን ዛሬ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለህ። የሒሳቡን ወረቀት በትከሻዬ በኩል ከማን እንደገለበጥክ ታስታውሳለህ? እኔ አስታውሳለሁ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ነው ለይተህ የሠራኸው፤ እሱን እኔ ተሳስቼ አንተ አግኝተኸዋል መሰለኝ። እስቲ ንገረኝ።»

ጣቷን ለቀቀች። አንድ ምልክት ወጣ፤ እንቁ ትንፋሿን ሳትመልስ ሁለት ሆነ። ከፍቶታል። ጥቂት ቆይቶ ከስሙ ሥር «ድምፅ እየቀዳ ነው» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ጠፋ፤ እንደገና መጣ።

ይታይሽ ሶኬቱን መልሳ ሰካች፣ ሽሮውን አማሰለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እንቁ ከኋላዋ ሆና ልቅሶ ይሁን ሳቅ መለየት አልቻለችም፤ ዘወር ስትል ሁለቱም ነበር።

«እየቀዳ ነው?»

«እየቀዳ ነው እማዬ። ሦስት ደቂቃ አለፈው።»

«ይቅዳ። እንጀራ አቅርቢ» አለች ይታይሽ፣ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ። «እየበላን እንሰማዋለን።»